ሁለት ነጥብ አንድ ሴት

ለመላው የማኅበራችን አባላት፣ ለክቡራን ታዛቢዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀ ጥልቅና አሳታፊ ውይይት ካደረገ በኋላ፣ አንድ ሮዝ የፕላስቲክ ወንበር ወደ ማኅበሩ ቢሮ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ ደስታ ያስታውቃል። ወንበሩ ገብቷል። በጀርባው ላይም በማርከር «ሴቶች ጉዳይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሴቶች ጉዳይ በማትኖርበት ሰዓት ወንድ አባላት ቢቀመጡበት ኮሚቴው ቅሬታ የለውም።

ማስታወቂያው ምግብ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ሦስት ቀን ከረመ። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ከሥሩ በእስክሪብቶ «ወንበሩ ድምፅ መስጠት ይችላል?» ብሎ ስለጻፈበት እንዲነሳ ተደረገ።

ማኅበሩ ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ የአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ማኅበር ነው። ከአባላቱ ከመቶ ሰማንያ አራቱ ሴቶች ናቸው። ኮሚቴው ሰባት ሰው ሲኖረው እስከ አምና ድረስ ሰባቱም ወንዶች ነበሩ፤ ይህም ማንንም አስደንቆ አያውቅም። ከዚያ ከፌዴሬሽኑ ደብዳቤ መጣ። በየማኅበሩ አመራር ውስጥ የሴቶች ቁጥር ከሠላሳ በመቶ እንዳያንስ ይላል።

ጸሐፊው እዮኤል ስልኩን አውጥቶ አሰላ። እዮኤል የማኔጅመንት ዲግሪ ይዞ ቆረጣ ክፍል ጨርቅ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ማስላት የሚያስፈልገው ነገር ሲመጣ ደስ ይለዋል።

«የሰባት ሠላሳ በመቶ ሁለት ነጥብ አንድ ነው።»

«ሁለት ነጥብ አንድ ምን?» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ ተፈራ።

«ሴት።»

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። የክር መጋዘን ሠራተኛ ናቸው፤ ሦስተኛ የምርጫ ዘመናቸውን ይዘዋል፤ በሕይወታቸው ያልቆጠሩት ጥቅል ክር የለም። ነጥብ አንድ ጥቅል ግን ገጥሟቸው አያውቅም።

«ሁለት ብናስገባ ነጥብ አንድ ሴት እንጎድላለን» አለ እዮኤል። «ሦስት ብናስገባ ደግሞ ነጥብ ዘጠኝ ሴት በትርፍ እንይዛለን።»

«ትርፍ ይቅርብን። ደብዳቤው ትርፍ አላለም።»

ምክትሉ ዘሪሁን ጥግ ይዞ በጠመዝማዛ መፍቻ ጫፍ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ ይፈለፍላል። የስፌት መኪና መካኒክ ነው። «ሦስት አርጉት» አለ። አልተሰማም። ዘሪሁን የሚናገረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲናገርም መኪና በሚጮኽበት አዳራሽ የኖረ ሰው አይመስልም።

ሁለት ሴት ገቡ። አንደኛዋ ሰብለ፣ ላይን አሥራ አራት በሚባለው የስፌት መስመር ሰፊ፣ ሴቶች ጉዳይ ሆነች። ሁለተኛዋ ሰላማዊት «አባል» ሆነች፤ በሦስተኛ ወሯም ሥራ ለቃ ዱባይ ገባች። ከዝርዝሩ ግን አልወጣችም፤ ብትወጣ ኮታው ይናዳል። በየቃለ ጉባኤው «ያልተገኙ፦ ሰላማዊት (በፈቃድ)» እየተባለ ይጻፍላታል። የጎደለችው ነጥብ አንድም መላ ተገኘላት። እዮኤል «ውጭ አገር ያለች ሴት በምንዛሪ ከአንድ ነጥብ አንድ አታንስም» ሲል ሳቁ፤ ከዚያ ማንም የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረው በዚያው ጸና።

ቢሮው ስድስት ወንበር ነበረው። ስድስተኛው የሰላማዊት ነው። በፈቃድ ላይ ያለ ሰው ወንበር ስለማይነካ ሰብለ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቆማ ተሰበሰበች። በመካከሉ «የሴቶች የአመራር ክህሎት» የሚባል ሥልጠና ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተሰጠ። ሴቶቹ ፈረቃ ላይ ስለነበሩ ጋሽ ተፈራና እዮኤል ሄዱ። «ትችላለች» የሚል ቦርሳ ተሰጣቸው። ጋሽ ተፈራ እስከ ዛሬ ምሳቸውን የሚቋጥሩት በእሱ ነው።

ሰብለ ስለ ወንበሩ አፏን ከፍታ አታውቅም። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ላይን አርባ ሁለት ሰው አለው። ለአርባ ሁለቱ አንድ ቢጫ ካርድ አለ፤ የሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ካርዱን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይሄዳል፤ ካርዱ ከሌለ ሌላው እስኪመለስ ይጠብቃል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ሰልፍም አለው። ልጆቹ መላ ዘየዱ፤ ውኃ መጠጣት ተዉ። ጠዋት ቤታቸው ሻይ የሚቀዱት ግማሽ ብርጭቆ ነው። ከሰዓት ላይ ጎናቸውን ይዘው ክሊኒክ ሲሄዱ ነርሷ «ውኃ ጠጡ» ብላ ትመልሳቸዋለች። ሰብለ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሰፍታለች።

የኅብረት ስምምነት የሚፈረመው በሦስት ዓመት አንዴ ነው። ወንበሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ሊፈረም ነበር። ሐሙስ ካለፈ ሰብለ ይህን ጥያቄ እንደገና የምታነሳው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው።

ሰኞ ዕለት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ኮሚቴው ፊት አስቀመጠች። «ሠራተኛ ሽንቷ ሲመጣ ካርድ ሳትጠይቅ ትሄዳለች» ይላል። ሌላ ነገር የለበትም።

ጋሽ ተፈራ አንብበው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ከጀርባው ሌላ ነገር ካለ ብለው።

«ሰብልዬ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቃሉ ነው እንጂ።»

«የትኛው ቃል?»

«እሱ። ይኼ ሰነድ እኮ ይመዘገባል፤ ማኅተም ይመታበታል።»

«ማኅተሙ ሽንት አያውቅም እንዴ ጋሽ ተፈራ?»

«እኔ እንደ አባት ነው የማናግርሽ» አሉ፤ አንገታቸው ቀላ።

እዮኤል እስክሪብቶውን አነሳ። «እናስተካክለዋለን። ‹ተፈጥሯዊ ግዴታ› እንበል።»

«እሱም ይከብዳል» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ሰው ሌላ ያስባል።»

«‹የግል ጉዳይ›?»

«እሺ፣ ግን ለብቻው ባዶ ሆነ። ምርታማነት ጨምርበት። ማኔጅመንት ምርታማነት ሲል ይረጋጋል።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ሠሩበት። ሲጨርሱ እዮኤል ቆሞ አነበበ፦ «ድርጅቱ የሠራተኛውን ግላዊ ሁኔታ ከምርታማነት ጋር አጣጥሞ ይመለከታል።»

«ይኼ ምንድነው?» አለች ሰብለ።

«ያንቺው ነው።»

«ሽንት ቤቱ የት ሄደ?»

«ውስጡ አለ» አለ እዮኤል።

ሰብለ ዘሪሁንን አየችው። ዘሪሁን ጫማውን አየ። «እኔው ድርድሩ ላይ ገብቼ ልንገራቸው» አለች።

«ተደራዳሪ ሦስት ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ መተዳደሪያ ደንቡን በእጃቸው እየደባበሱ። «ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ። ሴቶች ጉዳይ አይልም። ግን ለሻይ ሰዓት ብትገቢ ማንም አይከለክልሽም። ስታስተናግጂ ትሰሚያለሽ።»

በዚያ ቀን ሰርቪሱ አምልጧት እስከ መናኸሪያ በእግሯ ሄደች። የተናደደች መስሎ የሚታይ ነገር አልነበረባትም። ንዴት ጉልበት ይጠይቃል፤ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ደግሞ ለንዴት የሚተርፍ አያስቀርም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካርዱ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ አልተመለሰም። ከሰብለ ፊት ያለው መኪና ላይ ቃልኪዳን የምትባል ልጅ ትቀመጣለች። ከአለታ ወንዶ በኩል ከመጣች ስድስት ወሯ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አዲስ ከተማ ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለቴ ተነስታ ሱፐርቫይዘሩን ጠየቀች። ሁለቴም ምስማሩን አሳያት።

ዘሪሁን ከጎኗ ባለው መኪና ሥር ተንበርክኮ ቀበቶ ይቀይር ነበር።

ሰብለ ያየችው የልጅቷን ጀርባ ነው። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ወጣ። እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። መኪናዋ ዝም አለ። ዘሪሁን ተንበርክኮ ስለነበር ከወንበሯ ሥር የረጠበውን ወለል ከሁሉም በፊት ያየው እሱ ነው። ለአፍታ እንዳጎነበሰ ቀረ። ከዚያ ተነሳ፤ ለካውያ የተቀመጠውን አሥር ሊትር የውኃ ጀሪካን በሁለት እጁ አነሳና ክዳኑን ፈትቶ በልጅቷ ላይ ገለበጠው። በጭኗ፣ በወንበሯ፣ በወለሉ ላይ፤ ጠብታ እስኪጨርስ።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ሰውዬው ምን ነካው?»

«አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ክረምት?»

«ዓይንህ ሳሙና ገብቶበታል? ልጅቷን እኮ አጠብካት።»

ውኃው ከኤሌክትሪክ ሽቦው እንዳይገናኝ ላይኑ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠፋ። ቃልኪዳን ከወገቧ በታች ርሳ ታለቅሳለች፤ ሴቶቹም ተሰብስበው መካኒኩን በሲዳምኛም በአማርኛም እየረገሙ ልብስ ልትቀይር ይዘዋት ወጡ። ያለቀሰችው ውኃ ስለፈሰሰባት እንደሆነ ሁሉም አወቀ። ሱፐርቫይዘሩ ጥፋቱን ጽፎ ዘሪሁንን አስፈረመው።

ዘሪሁን መወልወያ አምጥቶ ወለሉን ራሱ ጠረገ። ቀና ሲል ከሰብለ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ያንን መፍቻ አቀብይኝ» አላት።

አቀበለችው።

በነጋታው ደብዳቤ ደረሰው። «እጄ አዳልጦት ነው» እንዳይል ካሜራው ሁለት እጁን፣ ክዳኑን ሲፈታም ጭምር ቀርጾታል። ሆን ብሎ ንብረትና ሰው ላይ ውኃ ማፍሰስ፤ ምርት ማስተጓጎል። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ምክንያቱን በጽሑፍ ካላቀረበ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ምክንያቱን እስኪያቀርብም ሠራተኛውን ወክሎ ለድርድር መቀመጥ አይችልም። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ምክትል መሆን አይችልም። ጋሽ ተፈራ ይህን ሲያነቡ ጥቅል ክር የጠፋባቸው መሰሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰብለ ዘሪሁንን ጀነሬተሩ አጠገብ አገኘችው። ዳቦ በአቮካዶ ይበላል።

«ብንነግራቸውስ?» አለችው። «ምን እንደሆነ ቢሰሙ ካርዱን ነገውኑ ያነሱታል። ሦስት ዓመት አንጠብቅም።»

«ይሆናል።»

«ስሟን ሳንጠራ።»

«ካሜራው ላይ ማን ላይ እንዳፈሰስኩ ይታያል ሰብለ።»

ዘሪሁን ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጣት። በላችው፤ ርቧት ነበር።

ከሰዓት ቃልኪዳን ክር እየቀየረች ሳትዞር አናገረቻት። «ሰብልዬ፣ ያ ሰውዬ እብድ ነው አይደል?»

ሰብለ የሚጠየቀውን አወቀች። አንድ ስፌት ጨርሳ፣ ጨርቁን አገላብጣ፣ «እብድ ነው» አለች። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።»

ቃልኪዳን ትንፋሿን ለቀቀች። ትከሻዋም ወረደ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። በማኔጅመንት በኩል የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ዮዲትና ሁለት ሰዎች፤ በሠራተኛው በኩል ሦስቱ። ሰብለ ቴርሞስ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ከመጀመራችን በፊት» አሉ ወይዘሮ ዮዲት፣ «አቶ ዘሪሁን ምክንያታቸውን አምጥተዋል?»

«አላመጣሁም» አለ ዘሪሁን።

«እንግዲያው መቀመጥ አይችሉም።»

«አውቃለሁ።» ተነሳ። «በኔ ቦታ ሰብለ ትግባ።»

ጋሽ ተፈራ ደንቡን ይገላብጡ ጀመር። እዮኤል ከሳቸው ቀድሞ አገኘው፤ አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ ምክትሉ በማይገኝበት ጊዜ ከኮሚቴው አንድ አባል ይተካል ይላል። «አንድ አባል ነው የሚለው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድ አይልም።»

«አይልም?»

«አይልም ጋሽ ተፈራ።»

ዘሪሁን ሲወጣ ቴርሞሱን ከእጇ ተቀበላት።

እስከ ንዑስ አንቀጽ አራት ድረስ ያለው በሰላም አለፈ። ንዑስ አራት ላይ ወይዘሮ ዮዲት አነበቡት፤ «ድርጅቱ የሠራተኛውን ግላዊ ሁኔታ ከምርታማነት ጋር አጣጥሞ ይመለከታል። በጣም ጥሩ ነው። ተስማምተናል።»

«እኔ አልተስማማሁም» አለች ሰብለ።

«የራሳችሁ ሐሳብ እኮ ነው።»

«ሽንት ለማለት ነው የተፈለገው። አፍረው ነው።»

ጋሽ ተፈራ ወደ ኮርኒሱ ተመለከቱ። የእዮኤል እስክሪብቶ ቃለ ጉባኤው ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ እንዳንጠይቅ ነው የምንፈልገው» አለች ሰብለ። ድምፁ የሷ አልመስል አላት፤ ዘጠኝ ዓመት በመኪና ጩኸት ላይ ስለምትናገር ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ለክታ አታውቅም። «አርባ ሁለት ሰው፣ አንድ ካርድ።»

«እኔም ሴት ነኝ» አሉ ወይዘሮ ዮዲት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ችግሩ በደንብ ይገባኛል። ግን ካርዱ ለሥርዓት ነው።»

«ወይዘሮ ዮዲት፣ ከተቀመጥን ወዲህ አንዴ ወጥተው ተመልሰዋል። አንገትዎ ላይ ካርድ አላየሁም።»

ከማኔጅመንት ሰዎች አንዱ ሳል ያዘው፤ ወይም ሳቅ።

«እኔ ከጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ አልሄድኩም» አለች ሰብለ። «እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። እንዲሁ ነው የምንውለው።»

ወይዘሮ ዮዲት ወረቀታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድርድሩ ድርድር ሆነ፤ ማለትም አሰልቺ። ካርዱ ይነሳ፤ አይነሳም። በላይን ሁለት ይሁን፤ አምስት ይሁን። ነፍሰ ጡሮች ያለ ካርድ ይሂዱ፤ የሐኪም ወረቀት ያምጡ። ወረቀት ይቅር፤ ሆዳቸው ይታያል። ገና ያልታየስ? ሁለት ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ በአንድ ላይን ሦስት ካርድ፣ ነፍሰ ጡር ያለ ካርድና ያለ ወረቀት፣ የቀረው ሥርዓት እንዳለ። ቃሉም «መጸዳጃ ቤት» ሆኖ ተጻፈ። ለካርድ መነሳት መጥታ ሦስት ካርድ ይዛ ልትወጣ ነው።

«ድል ነው» አለ እዮኤል በሹክሹክታ።

«ለአሥራ አራት ሰው አንድ ካርድ ነው» አለች ሰብለ፣ በሷም በኩል ማስላት ይቻል ነበርና። ፈረመች። ከዚያ ተነስታ ከአዳራሹ አጠገብ ወዳለው የኃላፊዎቹ ሽንት ቤት ገባች። ማንም አልጠየቃትም።

ጋሽ ተፈራ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ወደ ጀነሬተሩ ወጡ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ዘሪሁን ቴርሞሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ሻዩን ጨርሶታል።

«ሦስት ካርድ» አሉት።

«ጥሩ ነው።»

አጠገቡ እያቃሰቱ ተቀመጡ፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። «ስማ ዘሪሁን። ፌዴሬሽኑ ሪፖርት ይፈልጋል። ‹ምክትል ሊቀመንበሩ የሴቶችን አመራር ለማሳደግ ሲሉ በገዛ ፈቃዳቸው ቦታቸውን ለቀቁ› ብዬ እጽፋለሁ። ደስ የሚል ነው። ሐይቁ ዳር ጠርተው ንግግር ያስደርጉሃል።»

«እንደዚያ ብለው እንዳይጽፉ።»

«ለምን?»

«ውሸት ነው።»

«እውነቱስ ምንድነው?»

ዘሪሁን የቴርሞሱን ክዳን አሽከረከረ።

«ተው እንጂ ወንድሜ። የቀረህ ሩብ ሰዓት ነው። ማስጠንቀቂያው ከተጻፈ ምክትልነቱን ታጣለህ፤ ያን ጊዜ አንተን በሰብለ መተካት ግድ ይሆናል። እሷ ምክትል ሆነች ማለት ደግሞ ሴቶች ጉዳይ ክፍት ሆነ ማለት ነው፤ ለሱም ሌላ ሴት መፈለግ አለብን፤ ከዚያ ከሰላማዊት ጋር ሦስት ሊሆኑ ነው።» ቆጥረው ደከማቸው። «አንድ መስመር ጻፍልኝ። ሞቆኝ ነው በል። ልጅቷ ተሳድባ ነው በል።»

«ልጅቷ ምንም አላደረገች።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት። «ምክንያት» የሚለው ቃል አጠገቡ ሁለት ነጥብ ተደርጎለት፣ ከሥሩ ስድስት ባዶ መስመር አለ። ሰብለ ከሕንጻው ወጥታ ወደነሱ እየመጣች ነበር፤ እርምጃዋ እንደ ፈረቃ ማብቂያ ሰው ነው። ደርሳ አጠገባቸው ቆመች።

«ለቢሮው አትንገር፣ እሺ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ለኔ ንገረኝ። እንደ አባት። ያን ሁሉ ውኃ ሰው ላይ ያፈሰስከው ለምንድነው?»

ዘሪሁን ወረቀቱን ባዶውን አጥፎ መለሰላቸው።

«አልናገርም» አለ።